ዘሯ ያልታወቀ ባዝራ

ይድረስ ለጋሼ ኃይለልዑል፣ ብድሬ

ጋሼ፣ የብድሬ ሙቀት እንዴት ይዞዎታል? እኛ የሮቤ ብርድ ቢያንቀጠቅጠንም፣ ተመስገን፣ ደህና ነን። ኔትወርክ ስለጠፋ ይህን በሾፌር እጅ ልኬልዎታለሁ።

ያመጡልኝ ባዝራ ፈረስ ለድንጉላ ደርሳለች። ገሰራ ይዣት ብሄድ ባለድንጉላው አቶ ባህሩ «እናቷ የማን ናት? ዘሯን ሳላውቅ ድንጉላዬን አልሰጥም» ብለው መለሱኝ። ምን ልበላቸው? መንገድ ላይ ያገኙትን ሁሉ ለእኔ ማምጣት ድሮም ልማድዎ ነው። ለሌላ ባለድንጉላ ዋሽቼ ላስጠቃት ወይስ ዕድሜዋ ዝም ብሎ ይለፍ? ቸገረኝ።

ልጄ ልደት ደህና ናት። ለዳግማዊ ትንሣኤ ሽማግሌ ሊላክልን ነው። «ሰባት ቤት ማስቆጠራቸው አይቀርም» ብላ ደብተር ይዛ አጠገቤ ተቀመጠች። ከሟቹ ወንድምዎ ጀምሬ እስከ ሦስተኛው ቆጠርኩላት፤ ከዚያ የቀረውን ረሳሁት አልኳት። «አጎቴን ጠይቂልኝ» አለች። ያኔ ሲያመጡልኝ እሷን የጠቀለሉበት ጋቢ እስካሁን ሳጥኔ ውስጥ ነው።

እንግዲህ አምላክ በጤና ያቆይዎ። ሲመልሱልኝ ግን ስለ ባዝራዋ ብቻ ይጻፉ። ደብዳቤዎን ከሾፌሩ ተቀብላ ቀድማኝ የምታነበው ልደት ናት።

የወንድምዎ ሚስት፣ ፍቅርአዲስ