ከደመኛዬ ጋር ወደ ቦርከና

ሰኞ፣ ጥር 14/1999

ሚኒባስ ተገኘ። ድንኳን ተገኘ። ምግብ የምታበስል ሴት ከጨፋ ሮቢት። አለቃችን አቶ ጌታሁን ሐዋሳ ስልጠና ደርሰው ከመጡ ወዲህ ሰላም የለም፤ አፋቸው ላይ «የቡድን መንፈስ» ብቻ። ቅዳሜ ጥር 26 የመ/ቤቱ ሠራተኛ ከቢሮ ወጥቶ ቦርከና ዳር፣ ማንጎ ጥላ ሥር ይዋል። ገመድ ይጓተት። ይሳቅ። ሪትሪት ይባላል። አዘጋጇ እኔ።

ከሰዓት ዕጣ አወጡ። ሁለት ሁለት እየሆንን ከአንድ ትሪ ልንበላ። የኔ ዕጣ ይመር!

ማስታወሻዬ፣ አንቺ ታውቂዋለሽ። የይመር ታላቅ ወንድም ነው በግጦሽ ጠብ ወንድሜን ሐሰንን በጥይት የገደለው። ገዳዩ ባሕር ተሻገረ፤ ደሙ ይመር ላይ ቀረ። አባጋሮች አላስታረቁንም፣ የደም ካሳው ጉማ አልተከፈለም፣ ደሙ አልደረቀም። ደም ሳይደርቅ ከደመኛ ጋር መብላት የሐሰንን ሥጋ መብላት ነው። ቢሮ እሱ በኋላ በር ይገባል፣ እኔ በፊት በር። ወረቀት እንኳ የምንቀባበለው በጥበቃው በጋሽ አሊ እጅ ነው። ሁሉም ያውቃል፤ አለቃው ብቻ የሌላ አገር ሰው ናቸው። ነገርኳቸው። ኋላ ቀርነት ነው አሉ።

ረቡዕ፣ ጥር 16፣ ረፋድ

መታሁት። ይመርን።

ቢሮዬ ገባ፤ በራሱ እግር፣ ለመጀመሪያ ጊዜ። ቅዳሜ ታመምኩ ብዬ እቀራለሁ፣ አትቸገሪ ሊለኝ። በዚያ ቢያበቃ ደግ ነበር። ሲወጣ ሐሰንን አላህ ይርሐመው አለ። የሐሰን ስም ከዚያ አፍ! ስቴፕለሩን አንስቼ ግንባሩን። ደገምኩት። ደሙ ሸሚዙ ላይ፣ ጠረጴዛዬ ላይ። እጁን አላነሳም። አለቃው ሮጠው ሲመጡ፣ በሩ መታኝ አላቸው። ቢመታኝ ይሻለኝ ነበር፤ ውስጤ ጭራሽ ነደደ።

አለቃው ጨመሩበት፦ ቅዳሜ መቅረት የለም፣ የቀረ ይቀጣል።

እሑድ፣ ጥር 20

ሰንበቴ ገበያ። ለሪትሪቱ ፍየል ልገዛ። የመረጠልኝ ታናሼ አሕመድ ነው፤ እዚያው ከብት ይነግዳል። የይመርን ግንባር ሰምቷል። ሳቀ፤ ከወንድ በለጥሽ አለኝ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ የት እንደምንውል፣ በየት እንደምንሄድ፣ መቼ እንደምንነሳ ጠየቀኝ። ይመር ከቤቱ ቢሮ፣ ከቢሮ ቤቱ ነው፤ ከከሚሴ ወጥቶ አያውቅም። አሁን እኔ ላወጣው ነው፣ በሚኒባስ።

ነገርኩት። አምልጦኝ አይደለም፣ አስቤ ነው። ከአስፓልቱ ተገንጥለን ወደ ወንዙ ስንወርድ ቁጥቋጦው ጋ መኪናው እንደሚያዘግም ጭምር።

ቤት ስገባ እናቴ ግንባሬን ሳመችኝ። ሐሰን ከሞተ ወዲህ ስማኝ አታውቅም። ደስ አለኝ። ወላሂ ደስ አለኝ።

ዓርብ፣ ጥር 25፣ አመሻሽ

በግራ እጄ አፌን ይዤ ነው የምጽፈው።

አሕመድ ክላሹን ይዞ መጣ። ይመር የት ጋ ይቀመጣል አለኝ። እንጃ አልኩት። እንግዲያው መኪናውን ነው የማርከፈክፈው አለ። አንቺ ታመምኩ ብለሽ ቅሪ። ጋሽ አሊስ? ሌሎቹስ? አልኩ።

«እታለም፣ ሐሰን ሲወድቅ ሌሎቹ ምን ሆኑ?»

ተወው አልኩት። ክላሹን ያዝኩበት። በሰደፉ አፌን አለኝ። የፊት ጥርሴ ወለል ላይ። እናቴ አየች። ለኔ ውሃ አቀበለችኝ፤ ለሱ አንዲት ቃል የለም። ወጥቶ ሄደ። ስልኩ ዝግ።

ለፖሊስ ብናገር እየተታኮሰ ይሞታል እንጂ እጁን አይሰጥም። ለይመር ብናገር ዘመዶቹ ቀድመው አሕመድን ይገድሉታል። አለቃው ጋ ደወልኩ፤ ይሰረዝ፣ ካልሆነም ቦታ ይቀየር። ለምን ሲሉኝ፣ ብቻ ይሰረዝ አልኩ። ድንኳኑ ተተክሏል፣ ከባሕር ዳር እንግዶች ገብተዋል፣ ምን ነክቶሻል ብለው ዘጉት።

ያ ረቢ፣ ምን አደረግኩ?

ቅዳሜ፣ ጥር 26፣ ንጋት 12 ሰዓት፣ ቢሮ

ከንፈሬ አብጧል። ጋሽ አሊ እንዴት አደርሽ ሊለኝ «አካም ቡልቴ» ብሎ ጀመረና አፌን ሲያይ ወንበር ሳበልኝ።

ሰው የማስቀምጠው እኔ ነኝ። ቁጥቋጦው በቀኝ ነው። ይመር ወደ ግራ፣ ከሾፌሩ ጀርባ። በቀኝ መስኮት እኔ። መገንጠያው ላይ መስታወቱን እከፍታለሁ፣ ሻሼን አወልቃለሁ፣ ራሴን አወጣለሁ። አሕመድ ዓይኑ ጥሩ ነው። ያየኛል። አይቶኝ ከተኮሰም እንግዲህ ይተኩስ።

ይቅር አላልኩም፣ ማስታወሻዬ፣ እንዳይመስልሽ። ይመርን እጠላዋለሁ። ከዚያ ትሪ አንድ ጉርሻ አብሬው አልቀምስም። ግን መንገዱን የጠቆምኩት እኔ ነኝ።

ሚኒባሱ ጡሩምባ እየነፋ ነው። ይመር ቀድሞ ገብቷል፤ ከዚህ ይታየኛል። ግንባሩ ላይ ፕላስተር፣ በቀኝ በኩል፣ መስኮቱ ጋ። ልሂድና ላስነሳው