ስለ ባሻ ገብረመድኅን ግራ እጅ

ሐረር፣ ግንቦት 1962 ዓ.ም.

ለክቡር አቶ እንደሻው፣ የመንግሥት ገንዘብ ሹም፤

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ የእርስዎን፣ የባለቤትዎንና የልጆችዎን ጤንነት ዝቅ ብዬ እጠይቃለሁ። እኛ ፈላና በር የምንኖረው የሟቹ የባሻ ገብረመድኅን ቤተሰቦች፣ ከሐዘናችን በቀር፣ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን።

ስለ ሹመትዎ ደስታችንን ሳንገልጽ መቆየታችን ያሳፍረናል። አዲስ አበባ በባንክ መስኮት ገንዘብ ከፋይ ሆነው ጀምረው፣ በጥንቃቄዎ የቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጅ ደርሰው፣ ከዚያም መንግሥት መርጦ ወደ እኛ እንደላከዎ ሰምተናል። ከእርስዎ በፊት የነበሩት ሹም ጡረተኛውን በመልኩ እያወቁ ይከፍሉ ነበር። ይህን ኋላ ቀር ልማድ አስቀርተው ፊርማን ከፊርማ በአጉሊ መነጽር ማመሳከርን ስላስተማሩን ምስጋናችን ወሰን የለውም። ጥቂት ቅሬታዎች ግን አሉኝና ድፍረቴን ይቅር ይበሉኝ።

1ኛ/ ባለፈው ጥቅምት የአባቴ ቀኝ ጎን ሽባ ሆነ። በግራ እጃቸው መፈረም ሲለማመዱ ሰንብተው ቢቀርቡ፣ ይህ ፊርማ ፋይሉ ውስጥ ካለው ጋር ስለማይመሳሰል የሌላ ሰው ነው ብለው መለሷቸው። የፈረሙት እርስዎ ፊት ተቀምጠው ነበር።

2ኛ/ ጎረቤታችን ሳኒ አባቴን አዝሎ ፈረስ መጋላ ካለው ቢሮዎ ድረስ አምጥቶ፣ ወላሂ እኚህ ባሻ ናቸው፣ ከልጅነቴ ጀምሮ አውቃቸዋለሁ ብሎ ቢምልልዎ፣ በባንክ ደንብ መሐላ ሰነድ አይደለም ሲሉ በትሕትና አሰናበቱት። የመንግሥትን ገንዘብ ከአንድ ሽባ ሽማግሌ ስላዳኑ አገር ባለዕዳዎ ነው። አባቴ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ፣ ታዲያ እኔ ማን ነኝ እያሉ ይጠይቁን ነበር።

3ኛ/ ጡረታው ሲቋረጥ መድኃኒቱም ተቋረጠ። ባለመድኃኒት ቤቱ ለጥቂት ጊዜ በዱቤ ሰጠን፤ ኋላ እሱም ታከተው። አባቴ በሚያዝያ ዐረፉ። በዚህ እርስዎን አልወቅስም ብዬ ልጽፍ ብዕሬን አንሥቼ ነበር፤ እጄ እምቢ አለኝ። እወቅስዎታለሁ።

4ኛ/ መሞታቸውን ለማመን ግን ምንም አልቸገረዎትም። ተላላኪዎ ወሬውን ከለቅሶ ቤት ይዞ ሄደ፤ በማግስቱ ስማቸው ከጡረተኞች መዝገብ ተሰርዞ ጠበቀን። ያለ ፊርማ፣ ያለ ምስክር፣ ያለ አጉሊ መነጽር! አሁን እናቴ ወይዘሮ እልፍነሽ ተይዞ የቀረውን ጡረታ ቢጠይቁ፣ ባለመብቱ ራሳቸው ቀርበው ይፈርሙ ተብለዋል። እናቴ ዛሬ የሚበሉት ከሳኒ ቤት የሚመጣላቸውን ነው። ባለመብቱን ለማቅረብ የሚያስፈልገውን ሥርዓት ቢገልጹልን፣ የተቀበሩበትን ደብር አለቃ እናነጋግራለን።

ለጥንቃቄዎ እጅ እየነሣሁ፣ ዕድሜና ሹመት እየተመኘሁ፣

በታላቅ አክብሮት፣
ጥሩወርቅ ገብረመድኅን

ማስታወሻ፦ በዕድገት ወደ አዲስ አበባ ሊዛወሩ መሆኑን ሰምተን ደስ ብሎናል። ወንበርዎን የሚረከቡት አቶ ለገሠም ሥራውን ከእርስዎ አንድም ሳያጓድሉ እንደተማሩ በየቦታው ይናገራሉ። እርስዎም እንደ ሰው ያረጃሉና፣ ጡረታዎን የሚቀበሉበትን ከተማ ሲመርጡ ሐረርን እንዳያስቧት በትሕትና እመክራለሁ።