ኮምፒውተር ስላላወቃት ምልክትና ስለ ወይዘሮ አባይነሽ ማሳ

ግንቦት 20 ቀን 2004 ዓ.ም.
ለተከበሩ የመዝገብ ማዘመኛ ኮሚቴ ሰብሳቢ
ገንዳ ውሃ

ክቡር ሆይ፤ የቆላው ሙቀት ሳይነካዎ፣ የቢሮዎ ማራገቢያም ለአፍታ ሳይቆም፣ ከነቤተሰብዎ በሙሉ ጤንነት እንዲከርሙ ከልብ እመኛለሁ። እኔ የቀድሞው የመሬት መዝገብ ጸሐፊ ሽመክት ቢሻው ነኝ።

በእኛ ጊዜ ማሳ የሚመዘገበው ሽማግሌዎች ድንበሩን በእግራቸው ሲዞሩ ጸሐፊው ከኋላ እየተከተለ ነበር። ሽማግሌ ለጸሐፊ ብሎ ስለማይቆም በአጭር ጽሕፈት እንጽፍ ነበር። ባለማሳው ራሱ ዞሮ ድንበሩን ካሳየ፣ ከስሙ ፊት ነጥብ ያለባት ቆልማማ ምልክት አኖር ነበር፤ «ባለቤቱ ራሱ አሳየ» ማለት ናት። ኮኪት አጠገብ ያለው የወይዘሮ አባይነሽ ማሳም የተመዘገበው በዚህችው ምልክት ነው። ስለሆነም ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

1ኛ. መዝገቡ ወደ ኮምፒውተር ሲገለበጥ ምልክቷ ከፊደላቱ መካከል ስላልተገኘች የባለቤቱን ቦታ ባዶ አስቀርተው፣ ባዶ የሆነውን ሁሉ ደግሞ ባለቤት የሌለው መሬት አሰኝተው ለባለሀብት ስለሰጡ አመሰግናለሁ። ወይዘሮ አባይነሽ ሃያ ዓመት ሰሊጥ አጭደው ልጆች ያሳደጉበትን ማሳ በአንድ ከሰዓት ማጥፋት የሚያስቀና ቅልጥፍና ነው።

2ኛ. ወይዘሮዋ አቤት ሲሉ፣ ምልክቷ ዓለም አቀፍ የኮምፒውተር ኮድ እስክታገኝ እንዲታገሡ ስለመከሯቸው አመሰግናለሁ። ባሕር ማዶ ያሉት የፊደል ሊቃውንት ምናልባት በሦስት ዓመት ውስጥ ያዩዋት ይሆናል ብለዋቸዋል። ሰሊጥ ግን የሚዘራው በዚህ ሰኔ ነው፤ ማንንም ገበሬ ቢጠይቁ ይነግርዎ ነበር።

3ኛ. ምልክቷን በሙሉ ቃል ላንብብላችሁ ብዬ አራት ቀን ደጃችሁ ብቀመጥ፣ የኮምፒውተር ሥልጠና የምስክር ወረቀት የለህም ተብዬ ተመልሻለሁ። ላነብ የመጣሁት የገዛ እጄን ጽሑፍ ነበር። እዚህ ላይ ምስጋናው አልመጣልኝምና ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ተናድጃለሁ። ሴትዮዋ ሌላ መሬት የላቸውም።

ኮድ ለሌለን ዜጎች ስለሚያሳዩት ርኅራኄ ከወገቤ ጎንበስ ብዬ እጅ እየነሣሁ፣
ትሑት አገልጋይዎ
ሽመክት ቢሻው፣ ጡረተኛ

ማሳሰቢያ፦ ለሊቃውንቱ በላኩት ማመልከቻ ላይ «ይህን ጽሕፈት ማንበብ የሚችል ሰው በሕይወት የለም» ብለው መጻፍዎን ሰማሁ። መርዶዬን ቀድመው ስላሰሙልኝ እግዜር ይስጥልኝ። የባለሀብቱ ትራክተር ሰኞ ጠዋት እንደሚገባ ተነግሮናል፤ ሟቹም ከወይዘሮ አባይነሽ ጎን ማሳው መሐል ቆሞ ይጠብቀዋል።