ለገና የተነጠፈ አልጋ

ልጄ ቪዮሪካ፣ ጤናሽ እንዴት ነው? በሰው አገር የምትንከባከቢያቸው አሮጊትስ እግራቸው ተሻላቸው? እኛ ደህና ነን።

ለማንም ያልነገርኩትን ላስቀድም። በአሥራ አራት ዓመትሽ ከፍራሽሽ ሥር የደበቅሽውን ደብተር አንብቤ ምድጃ ውስጥ የጨመርኩት እኔ ነኝ። አንቺ አባትሽን ጠረጠርሽ፤ እኔም ዝም አልኩ። ከዚያ ወዲህ የልብሽን ነግረሽኝ አታውቂም።

ፕሪሙ ዘንድሮ ብዙ አፈራ። ልጅሽ ሳንዳ በሒሳብ በርትታለች፤ ስልኳ ላይ ያለው ሰው ሠራሽ አስተውሎት ያስረዳታል። ቅዳሜ ፍሬ ስንለቅም ስልኳ በራ፤ "ደከመሽ እንዴ የኔ ወለላ?" ይላል። ላኪዋ "እማዬ" ናት። አንቺ መስለሽኝ ነበር።

"ማሽኑ እኮ ነው አያቴ፤ እንደ እማዬ ሆነህ አዋራኝ ብዬው ነው። ሰው እንዳልሆነ አውቃለሁ።"

"ታዲያ ጠዋት ጠዋት ለምን ደህና ዋይ ትይዋለሽ?"

"አንቺስ ከአባባ ፎቶ ጋር ታወሪ የለ!"

"አያትሽማ አይመልስልኝም፤ ስለዚህ መሞቱን አልረሳም።"

ስልኩን ልቀማት እጄን ዘረጋሁ። ደብተርሽ ትዝ ሲለኝ እጄን ሰበሰብኩ፤ "ከፈቀድሽ አብረን እናንብበው" አልኳት። ፈቀደች። ፎቶዋንና አድራሻችንን እንዳትሰጠው፣ የከበዳትን ነገር መጀመሪያ ለሰው እንድትነግር ተስማማን።

ማሽኑ በአንቺ ስም ለገና እመጣለሁ ብሏታል። "ዝም ብሎ ነው የሚለው" አለች ራሷ። አልጋሽን ግን አንጥፋዋለች።

አንገትሽን ከብርድ ሸፍኚ። እናትሽ ፓራስኮቪያ።

ፖስታው ላይ፦ ድንበር ተሻግሮ የሚሄደው የእሑዱ ሚኒባስ ሹፌር ከፕሪሙ ማርማላታ ጋር የሚያስረክበው፤ ቦሎኛ፣ ለሳንዳ እናት ለቪዮሪካ፣ በእጇ።