አንዳርጋቸው የተወለደበት ቀን

ይድረስ ለምወድዎና ለማከብርዎ አባቴ፣ ለመሪጌታ ገብረ መስቀል፤ ማክሰኝት።

አባየ፣ እንደምን ሰንብተዋል? ከዘመነ ዮሐንስ ወደ ዘመነ ማቴዎስ ያሸጋገረን አምላክ እናንተንም በጤና አሸጋግሯችኋል ብየ አምናለሁ። ጉልበትዎ እንዴት ሆነ? ክረምቱ ሲወጣ ይለቀኛል ብለው ነበር፤ ይኸው ክረምቱ ወጣ፣ እሱስ ለቀቀዎ? ዓይንዎስ? የላክሁልዎን መነጽር ያደርጉታል ወይስ እስካሁን ሣጥን ውስጥ ነው? እማየስ እንዴት ናት፣ ያ ሳል ተዋት? ማሳው፣ ከብቱ፣ ጎረቤቱ ሁሉ እንዴት ነው? እኔ፣ ስሙ ይክበር ይመስገን፣ ለአካሌ ደኅና ነኝ። ልቤ ግን ደኅና አይደለም፤ ይህን የምጽፍልዎም ለዚሁ ነው።

ደብዳቤውን በፖስታ አልላክሁትም። ይዞልዎ የሚመጣው ወልደ ሐዋርያት የሚባል አብሮኝ የሚያስተምር ሰው ነው። ለአጎቱ ተዝካር ወደ ጎንደር ሲያልፍ ያደርስልዎታል፤ በሳምንቱ ሲመለስም በእናንተ በኩል ያልፋል። የታመነ ሰው ነው። እኅቴ አደይ ብቻ ታንብብልዎ፤ ጎረቤት ባለበት አይሁን። ሲጨርሱም እሳት ውስጥ ይክተቱት።

በሰኔም በነሐሴም በጻፉልኝ ላይ፣ «የልጆቹን ስም መላክ ለምን ተውሽ? እኔ እኮ በዚያ ሰበብ የባሕረ ሐሳብ ቁጥሬን አድስ ነበር» ብለውኛል። ሥራ በዛብኝ ብየ መለስሁልዎ። ዋሽቼዎት ነበር፣ አባየ። እውነቱን ዛሬ እነግርዎታለሁ፤ ከየት እንደምጀምረው ግን አላውቅም።

በ1979 ሦስተኛ ክፍል ሳስተምር ስድሳ አንድ ልጆች ነበሩኝ። በጥቅምት ወር እናትዓለም የምትባል ልጅ ልደቷ ነው ብላ ኬክ ከነሻማው ይዛ መጣች። አባቷ ከአዲስ አበባ ተቀጥሮ የመጣ የፋብሪካ መካኒክ ነው። ኬኩን ለስድሳ አንድ ሰው ስቆርሰው ለአንዱ የደረሰው የአውራ ጣት ያህል ነበር። ጣታቸውን ልሰው ሲጨርሱ ከፊት ወንበር አንዱ ተነሣና «እትየ፣ የእኔስ መቼ ነው?» አለኝ። ከዚያ ሌላዋ ጠየቀች፣ ከዚያ ሁሉም። ቀኑን የሚያውቀው እጁን ያውጣ ብል ዘጠኝ እጅ ብቻ ወጣ። የቀሩት አንገታቸውን ደፉ። ያን ጊዜ ነው እናቶቻችሁን ጠይቃችሁ ኑ ያልኋቸው፤ ይዘውት የመጡትን «በቁስቋም ማግሥት»፣ «ሁዳዴ ሲያዝ፣ ሰኞ ለት» የሚለውን ሁሉ ለእርስዎ የላክሁልዎ። እርስዎም ዓመቱን ከበዓሉ፣ በዓሉን ከዕለቱ እያመሳከሩ የሁሉንም ቆጥረው በኅዳር መለሱልኝ። እንዴት ደስ እንዳለኝ!

ከሲሚንቶ ከረጢት ወረቀት አሥራ ሦስቱን ወር ቆርጠን ግድግዳው ላይ ለጠፍን። ለመስከረም አበባ አድርቀው ለጠፉበት፤ ለኅዳር የሰፈሩ ቆሻሻ ሲቃጠል ጢሱን ሣሉ፤ ለጥር ሐይቁን ከነታንኳው፤ ለሰኔ ዝናብ የሚመታው ገሳ የለበሰ ሰው። ጳጉሜን የደረሳት ቁራጭ ወረቀት ስለነበረች አንዷ ልጅ አዝና በጥርሷ ዙሪያዋን ጥልፍ አስመሰለችላት። መስከረም 2ን፣ የካቲት 29ንና ሚያዝያ 23ን የመንግሥት በዓላት ናቸውና ርእሰ መምህሩ እንዳዘዙን በቀይ ቀለም ከላይ ጻፍን። ከሥሩ ደግሞ የልጆቹን ስም ከነቀናቸው። በየወሩ የመጨረሻ ዓርብ የዚያ ወር ልጆች ወደ ፊት ይወጣሉ፤ በየተራ እኔ ወንበር ላይ ይቀመጣሉ፤ ከየቤቱ የመጣው ቆሎና ፈንዲሻ ይታደላል፤ ይዘፈንላቸዋል። ስምንት ዓመት ሳስተምር እንደዚያ ዓመት ልጅ ከትምህርት ሳይቀርብኝ የከረምሁበት ጊዜ የለም።

ከነሱ መካከል አንዳርጋቸው የሚባል ነበር። ከኋላ ግድግዳውን ተደግፎ የሚቀመጥ፣ ጢም ማቀምቀም የጀመረ ጎረምሳ ነው። አባቱ ሲሞት እናቱ ወይዘሮ ባንቺአየሁ ከአንበሳሜ ይዛው ወደ ባሕር ዳር መጣች። እሷ ጥጥ ትፈትላለች፤ እሱ ጠዋት ጠዋት ከዘጌ በታንኳ የሚመጣውን እንጨት ሐይቁ ዳር ያራግፋል፣ ከሰዓት ለትምህርት ይመጣል። ፊደል የቆጠረው በመሠረተ ትምህርት ነው። ትንንሾቹ «ጋሼ» ይሉት ነበር። እርሳሳቸውን የሚቀርጽላቸው እሱ፣ ሲጣሉ የሚገላግላቸው እሱ። ክፍል ውስጥ ጥያቄ ሲመልስ ግን እንደነሱ ጣቱን አውጥቶ፣ ቆሞ፣ እየፈራ ነበር።

የእሱ ቀን እንዳስቸገረዎት ያስታውሱ ይሆናል። እናቱ «ሆሣዕና ለት ነው የወለድሁት፤ በማግሥቱ በዓለ ወልድ ነበር» ከማለት በቀር ዓመቱን በቅጡ አታውቅም። እርስዎ ግን ሆሣዕና መጋቢት 28 የዋለበትን ዓመት ፈልገው፣ «በእነዚያ ዓመታት መካከል ከ1961 በቀር የለም» ብለው ጻፉልኝ። የመጋቢት ተራ ሲደርስ ከአራት ሕፃናት ጋር ወጣ። ወንበሬ ጠበበው። ጾም ስለነበር ሽምብራ ቆሎ ነው ያደልነው። ሲዘፈንለት ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። የምትፈልገውን አንድ ነገር ተናገር ስለው፣ «እኔም እንደ ሰው የተወለድሁበት ቀን አለኝ ለካ» አለና ተቀመጠ።

ከፋሲካ በኋላ፣ ለሠራተኞች ቀን ሰልፍ ልጆቹን ስናሰለጥን፣ ከቀበሌው ጓድ አበራ የሚባል ሰው መፈክር በየክፍሉ መለጠፉን ሊያይ መጣ። ጨዋ፣ ረጋ ያለ ሰው ነው። ግድግዳው ፊት ቆሞ ሲመለከት ቆየና የእጅ ጽሕፈቴን አመሰገነልኝ። «ይህን ሁሉ ቀን እንዴት አገኛችሁት?» አለኝ። እኔስ ዝም ብል ምን ነበረበት፣ አባየ! ኮራሁ። አባቴ ማክሰኝት መሪጌታ ናቸው፣ ቆጥረው ነው ያገኙልን አልሁት። ከሁሉ የከበደው የአንዳርጋቸው ነበር ብየ ሆሣዕናውንም በዓለ ወልዱንም አስረዳሁት። በጣቴ ስሙን አሳየሁት። «የሚገርም ነው» አለና ከኪሱ ማስታወሻ አውጥቶ ጻፈው። ለበጎ መስሎኝ ነበር።

በግንቦት አሥራ ስምንት ዓመት የሞላውን የሚወስድ የብሔራዊ ውትድርና ምልመላ መጣ። ወይዘሮ ባንቺአየሁንና ልጇን ቀበሌ ጠሯቸው። ቀጥሎ እኔ ተጠራሁ። ስገባ እሷ ጠረጴዛው ፊት ቆማ «በስድሳ ሦስት ነው የወለድሁት፤ ቁመቱ አታሎዎት ነው እንጂ ገና አሥራ ስድስቱ ነው» ትላለች። አይታኝ ፊቷ በራ። «ይኸው አስተማሪው መጣችልኝ፣ እሷን ጠይቁ» አለች። ጓድ አበራ እሷን ከደጅ እንድትቆይ አደረጋትና በሩ ተዘጋ። ማስታወሻውን ገልጦ ቀኑን አነበበልኝ። እኔም፣ ለልጆች ጨዋታ ተብሎ የተሰጠ ቀን ነው፣ ማስረጃ አይሆንም አልሁት። አልጮኸብኝም። «ጓዲት ወለላ፣ አባትሽ ቆጥረው እንዳገኙት የነገርሽኝ አንቺ ነሽ። አሁን ሐሰት ነው ካልሽ አስመጥተን እንጠይቃቸዋለን። በመንግሥት ትምህርት ቤት ግድግዳ ላይ የቤተ ክርስቲያን በዓል እየቆጠሩ የሚልኩ ማን እንደሆኑም በዚያው እናጣራለን» አለኝ። ወረቀቱ ተዘጋጅቶ ነበር። መጋቢት 28 ቀን 1961 መወለዱን አውቃለሁ የሚል ነው።

ፈረምሁ።

ለእርስዎ ፈርቼ ነው ብል ግማሹ እውነት ነው። በዚህ ዕድሜዎ በዚያ ጉልበትዎ ሲያንገላቱዎት ታየኝ። ግማሹ ግን ለራሴ፣ ለእንጀራየ ነው፤ በእርስዎ አላሳብብም። ስወጣ ወይዘሮ ባንቺአየሁ ነጠላየን ይዛ «ምን አሉሽ ልጄ?» አለችኝ። እንጃ አልኋት። ይህ «እንጃ» ነው ከሁሉ የሚያቃጥለኝ።

በሁለተኛው ቀን ጠዋት ሐይቁ ዳር እንጨት ሲያራግፍ ወሰዱት። እናቱን ተከትየ ወደ መሰብሰቢያው ሄድሁ። ብዙ ወጣቶች አጥር ውስጥ ተቀምጠዋል፤ መኪኖቹ ቆመዋል። ሲያየኝ ተነሥቶ ወደ አጥሩ መጣ። ይቆጣኛል፣ ይጠይቀኛል ብየ ስፈራ፣ «እትየ፣ ፈተናው ሳይደርስ ወሰዱኝ፤ ወደ አራተኛ ክፍል አልፏል ብለው ይሞሉልኛል?» አለኝ። አዎ አልሁት። ሞላሁለትም። ያልተፈተነ ልጅ አሳልፌ አላውቅም ነበር።

የዚያን ዕለት ከሰዓት ክፍል ገብቼ አሥራ ሦስቱንም ወረቀት ከግድግዳው ገነጠልሁና ጓሮ ወስጄ አቃጠልሁት። ልጆቹ በመስኮት ያዩኝ ነበር። ተራቸው ያልደረሰ የሰኔ ልጆች አለቀሱ። ለምን እንደሆነ አልነገርኋቸውም። ከዚያ ወዲህ በክፍሌ ልደት አይከበርም። የሚከበሩት በቀይ ቀለም ጽፈናቸው የነበሩት ሦስቱ ቀናት ብቻ ናቸው።

ዓመት ያህል ወሬው ጠፋ። ደኅና ነው የሚል የቃል መልእክት አንድ ጊዜ መጥቶ ነበር፤ ሌላ የለም። በዚህ በሐምሌ መጨረሻ አብሮት የነበረ አንድ የደራ ልጅ እግሩን አጥቶ ተመለሰና መርዶውን ነገረ። በመጋቢት ነው፣ በሰሜን። ስንተኛው ቀን እንደነበር ልጁ አላወቀውም። የተወለደበትን ቀን ከነማግሥቱ ያወቅነው ሰዎች የሞተበትን የሚነግረን አጣን።

ለቅሶው ላይ ከሰው መካከል ተቀምጨ ተመለስሁ። ቀና ብየ አላየኋትም። ትምህርት ሲከፈት፣ ባለፈው ሳምንት፣ ወይዘሮ ባንቺአየሁ ጥቁሯን እንደለበሰች ትምህርት ቤት መጣች። ልጆቹ እስኪወጡ ደጅ ጠበቀችና ገባች። ግድግዳውን ሁሉ በዓይኗ ፈለገች። «ልጄ፣ ያ ስሙ ያለበት ወረቀት የታለ? ያኔ አምጥቶኝ አሳይቶኝ ነበር፣ ከዚህ ቆሜ አይቸዋለሁ። ፎቶ አልተነሣልኝም። ልብሱም የለበሰው ብቻ ነበር። ግድግዳየ ላይ ልለጥፈው፣ ልጅ እንደነበረኝ ሰው ይይልኝ» አለችኝ። ምን ልበላት? ተቃጠለ አልኋት። ማን እንዳቃጠለው አልጠየቀችኝም። «እንግዲያ ምንም የለኝም ማለት ነው» አለችና ወንበሮቹን እየተደገፈች ወጣች።

እንግዲህ አባየ፣ የምለምንዎ ይህን ነው። ያን ጊዜ ልጆቹ ከእናታቸው የሰሙትን እያንዳንዳቸው በገዛ እጃቸው በግማሽ ወረቀት ጽፈውት ነበር፤ እሱኑ ነበር ሰብስቤ የላክሁልዎ። የአንዳርጋቸውም ከመካከሉ ነበር። ወረቀት እንደማይጥሉ አውቃለሁ። በመጻሕፍትዎ መካከልም፣ በሣጥኑም አደይ ትፈልግልኝ። ፊደሉ ትልልቅ ነው፤ መስመር እየሳተ ወደ ላይ ይወጣል፤ ከሥሩ ስሙን ሁለት ጊዜ ጽፎታል። ከተገኘ ለወልደ ሐዋርያት ስጡት። የአንዳርጋቸው ክርስትና ስሙ ወልደ ዮሐንስ ነው፤ በጸሎትዎ ያስቡት። የሞተበት ቀን ያልታወቀ ሰው ተዝካሩ በስንት እንደሚሆንም ይንገሩኝ፤ እናቱን ጨንቋታል።

ወረቀቱን ይዠላት የምሄድ ቀን መፈረሜንም እነግራታለሁ። እስካሁን ከእርስዎ በቀር ለማንም አልተናገርሁም። ትርገመኝ፣ ከቤቷ ታስወጣኝ፣ የፈለገችውን ታድርግ። ወረቀቱ ባይገኝም እነግራታለሁ። እርስዎ ግን በዚህ ነገር ራስዎን እንዳይወቅሱ፤ የቆጠሩት ትክክል ነው፣ ለደግም ነበር የቆጠሩት። ቀኑን ለማይገባው ሰው ያሳየሁት እኔ ነኝ።

አደይ የእማየን ጉልበት ትሳምልኝ፤ እማየ ግን ስለዚህ ነገር አሁን አትስማ፣ ሌሊት እንቅልፍ ታጣለች። አደይን ስላስጨነቅኋት ይቅር በይኝ በሏት፤ የጠየቀችኝን የሹራብ ክር ወልደ ሐዋርያት ይዞላታል። አክስቴን ፅጌ ማርያምን ባሉበት እንደምን ሰነበቱ በሉልኝ። ለወንድሜ ለአስማማውና ለሚስቱ እንኳን ማርያም ማረቻችሁ በሉልኝ። ወንድ ልጅ መሆኑን ሰምቼ ደስ ብሎኛል፣ አልቅሻለሁም። አስማማው ቀኑን ይጻፉልኝ እንዳይልዎ፣ አባየ። ሁላችሁም በልባችሁ ያዙት፤ ወረቀት ላይ ግን እንዳትጽፉት።

ልጅዎ ወለላ ገብረ መስቀል

ባሕር ዳር፣ መስከረም 20 ቀን 1981 ዓ.ም.