እማ ያልተቆጣችበት ሳምንት

ሰኞ

ዛሬም አልተቆጣችም። እኔ ደግሞ ከጠዋት ጀምሮ ያልሞከርኩት ነገር የለም። ነገ እንዳልደግመው ልጻፈው፦

ቧንቧውን ከፍቼ ረሳሁት። (አልረሳሁትም።)
ሩዙ ላይ ጨው ሁለቴ ጨመርኩ።
የግቢውን በር ክፍት ተውኩት፣ የጎረቤት ፍየል ገባች።

እማ ቧንቧውን ዘጋች፣ ሩዙን ለፍየሏ ሰጠች፣ ከዚያ መጥታ ግንባሬን ዳሰሰችኝ። «ሙቀቱ ነው ልጄ፣ ደክሞሻል፣ ትንሽ ጋደም በይ» አለችኝ። ጋደም በይ ትለኛለች። ስልኩ የስፌት ቅርጫቴ ውስጥ ከጨርቁ ሥር ሆኖ አንድ ሰዓት ሙሉ ሲቀርጽ ነበር። የቀረጸው ምንድን ነው? ፍየል ሩዝ ስትበላ።

ይሄን ደብተር ያገኘ ሰው አብዳለች ይላል። ስለዚህ ከመጀመሪያው ልናገር።

ኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥ ልብስ ፋብሪካ ሁለት ዓመት ሠርቻለሁ። ሁለት ዓመት ሙሉ የሰፋሁት ግራ እጅጌ ብቻ ነው። ቀኙን የምትሰፋው ጓደኛዬ ብርቱካን ነበረች። አንድ ሙሉ ሸሚዝ ከእጄ ወጥቶ አያውቅም። ሲሰለቸኝ ተውኩትና ቤት ማሽን ዘርግቼ ሽቲ፣ ያን ሰፊና ስስ ቀሚስ፣ መስፋት ጀመርኩ፤ አሰፋፉንም በቪዲዮ እለጥፋለሁ። የድሬዳዋ ሴት ሁሉ ሽቲ ትለብሳለች፣ ይሄ ሙቀት ሌላ አያስለብስም፣ ሰው ያያል ብዬ ነበር። ማንም ዞር ብሎ አላየም። አንድ ቀን ግን አንገቱን ስቆርጥ እማ ከጓዳ ለቀቀችብኝ። «ማል ታቴ፣ ምን ሆነሻል? ጆሮሽን ታይዋን ገበያ ሸጥሽው እንዴ? ሦስቴ ተጠራሽ እኮ!» በኦሮምኛ ጀምራ፣ በአማርኛ አጋምሳ፣ በሶማሊኛ ጨረሰችው። ቆርጬ ማውጣት ሰነፍኩና እንዳለ ለጠፍኩት። በማግስቱ አገር ምድሩ አይቶታል።

ከዚያ ወዲህ ስለ ሽቲዬ የሚጠይቀኝ የለም፣ የሚፈልጉት እማን ነው። ፊቷ አይታይም፣ ድምፅዋ ብቻ ነው። እሷ አታውቅም። ስልኳ ባለ ቁልፍ ነው፣ ከመደወል ሌላ ጥቅም የለውም። እንግዲህ ቪዲዮው በሚያመጣው ትንንሽ ማስታወቂያ አራት ወራችን፣ ከእማ ቁጣ ነው የምንበላው። እሷም ጭምር።

ሰሞኑን ግን ምን እንደነካት አላውቅም፣ ሰው መሆን ጀመረች።

ማክሰኞ

ኮሜንት ሳነብ ደሜ ፈላ። «እማማ የት ሄዱ?» «እማማ አሟቸው ነው?» አንዱ ደግሞ «አንቺ ዝም በይና እማማን አምጪልን» ይለኛል። በገዛ አካውንቴ ዝም ልበል።

እልህ ይዞኝ የሽቲ ኪስ አሰፋፍ ለጠፍኩ። ንጹህ ሥራ፣ ክሩ አይታይም። የመጣው ኮሜንት፦ «ከኋላ ምንም ድምፅ የለም፣ ተበላሽቷል።»

አፑ በበኩሉ ላይቭ ግቢ ይለኛል። ስጦታ የሚወረወረው ላይቭ ላይ ነው። እማን ላይቭ እንዴት አድርጌ ነው የማስገባት? ቁጣ ቀጠሮ አይዝም።

ስድስት ሰዓት ላይ ድሬ ለቀትር እረፍት ተዘጋች፣ ተኛሁ፣ ላብ ብቻ። ሱቆቹ ከእረፍት ሲከፈቱ ታይዋን ሄድኩ። አብዲ የሚባል ቬንትሌተር የሚሸጥ ሰው ባለፈው ሳምንት ደውሎልኝ ነበር። ማስታወቂያ ይፈልጋል። እማ «በዚህ ሙቀት ከአብዲ ቬንትሌተር ሳትገዢ ትቀመጫለሽ?» እያለች እኔን ስትወርድብኝ። እስከ ዓርብ ካደረስኩለት በየወሩ ያሠራኛል። በየወሩ! ይሄ ከተሳካ ወደዚያ እጅጌ አልመለስም።

«እናትሽ ታውቃለች አይደል?» አለኝ።

«ወላሂ ደስ ነው የሚላት» አልኩት። ምላሴን በቆረጠው።

አዲስ ቬንትሌተር ሰጥቶ ሸኘኝ። ባጃጅ ውስጥ ሳለሁ ብርቱካን ደወለች። ፋብሪካው ሰው እየወሰደ ነው፣ የድሮ ሠራተኛ እስከ ሰኞ ጠዋት ከመጣ ያለ ፈተና ይገባል። «እጅጌሽ ሌላ አላገባም፣ እየጠበቀሽ ነው» ብላ ሳቀች። እኔ አልሳቅኩም።

ረቡዕ

ቬንትሌተሩን መሃል ቤት አቆምኩት፣ ቅርጫቱን አጠገቡ። ይሄን ያህል ዕቃ ሳላማክራት ሳስገባ መቼም ሳትቆጣ አትቀርም ብዬ።

እማ ፊት ለፊቱ ተቀመጠች። ሻሿን ፈታች። ዓይኗን ጨፈነች። ከዚያ ምርቃት ጀመረች። የሠራውን መረቀች፣ የሸጠውን መረቀች፣ ያመጣሁትን እኔን መረቀች፣ መብራት የሚለቁትን ሳይቀር መረቀች። እማ የመብራት ሰዎችን በበጎ ስታነሳ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው።

ሶኬቱን ነቀልኩባት። «ደግ አደረግሽ፣ እሱም ይረፍ» አለች።

አቦ፣ ምን ላድርግ? ምርቃቱን ቆራርጬ ለአብዲ ላክሁለት። በድምፅ መለሰልኝ። «እህቴ፣ ይሄ ዱዓ ነው። ዱዓ ያሳርፋል እንጂ ቬንትሌተር አይሸጥም። ቁጣ ነው ያልኩሽ።»

እራት ላይ ደግሞ ሌላ ጣጣ። እማ «ማን ነው የሰጠሽ?» አለችኝ። አብዲ የሚባል፣ ታይዋን ሱቅ ያለው አልኳት። «በምን ምክንያት?» እንዲሁ ነው አልኳት። ጉርሻዋን አስቀምጣ አየችኝ። ከዚያ ፈገግ አለች፣ እጇን አፏ ላይ አድርጋ።

ምን እንዳሰበች ወዲያው ገባኝ። ወንድ ልጅ በከንቱ ለሴት ቬንትሌተር አይሰጥም። በእማ ሂሳብ ሽማግሌዎቹ መንገድ ላይ ናቸው። እኔ ሠላሳ አንድ ዓመቴ ነው፣ ይሄን ፈገግታ ስትጠብቅ ነው የኖረችው። «አይደለም» ብላት ቀጥሎ ምን ልነግራት ነው? አብዲ የሚፈልገው የኔን እጅ ሳይሆን ያንቺን አፍ ነው ልበላት? ዝም አልኩ። ዝም ማለቴን እንደ ማፈር ቆጠረችው። ይባስ።

ሐሙስ

እማ በጠዋት ለባብሳለች። ባለፈው የሰፋሁላትን ሽቲ፣ ሽቶ ሳይቀር። «ሽንኩርት ልግዛ» አለች። ለሽንኩርት ሽቶ የሚቀባ ሰው አይቼ አላውቅም፣ ግን ቤቱ ነፃ ሆነልኝ ብዬ አልጠየቅኳትም። እዚህ ላይ ነበር መጠየቅ የነበረብኝ።

ስድስት ሰዓት ሳይሞላ ተመለሰች። ሽንኩርት የለም። የሻሿን ጫፍ አፏ ላይ ይዛ አጠገቤ አልፋ ጓዳ ገባች። «እማ፣ አመመሽ?» ብላት በሩን ዘጋችው።

ከዚያ አብዲ ደወለ። የሰማሁትን በቅደም ተከተሉ ልጻፈው።

እማ ባጃጅ ይዛ ነበር፣ ወደ አብዲ ሱቅ። ሰውየውን በዓይኗ ልታየው፣ ለልጇ ይሆን እንደሆነ። ከዚራ ሰፈርን ሳያልፉ በዋጋ ከባለ ባጃጁ ጋር ተጣሉ። እንደ ልማዷ ስትለቅበት ልጁ ባጃጁን ዳር አቆመና ዞሮ አያት። ድምፅዋን አወቀ። «እማማ፣ እርስዎ ኖት?» አለ። ከዚያ በደስታ የራሷን ንግግር አንድ ቃል ሳያዛንፍ ደገመላት። ባለፈው ወር ሥጋው ጠነከረብኝ ብላ የተቆጣችኝን፦ «በምን ላኝከው? አራት ጥርስ ነው የቀረኝ፣ እነሱም አይነጋገሩም!»

ሱቁ ድረስ ገብቶ አብዲንም «ማንን እንዳመጣሁልህ እይ» አለው። አብዲ ደግሞ የምታውቅ መስሎት ወንበር ሰጣት፣ ለስላሳ ከፈተላት፣ ስልኩን አውጥቶ ሁሉንም አሳያት። የልጇን ባል ልታይ ሄዳ በጥርሷ ሲሳቅ አየች።

እማ ሰው ፊት ስትስቅ አፏን ትሸፍናለች። ጥርሷ ከወለቀ ጀምሮ ለቅሶ ቤት እንኳ የሚታኘክ ነገር አትበላም። ይሄን ከኔ በላይ የሚያውቅ የለም። እያወቅኩ ነው የለጠፍኩት። ለጥፌም ስንት ሰው እንዳየው እየደጋገምኩ ሳይ ነበር።

ዓርብ

«እባክሽ ውሃ አቀብዪኝ።»

እባክሽ አለችኝ። ከተወለድኩ ጀምሮ እማ እባክሽ ብላኝ አታውቅም። ጠዋት ጎረቤት መጥታ ስታዋራት በአንድ ቋንቋ ብቻ፣ ቀስ ብላ፣ ቃል እየመረጠች መለሰችላት። ሴትዮዋ ስትወጣ «እናትሽን ምን ነካት?» ብላ ጠየቀችኝ።

ቧንቧውን ዛሬ ከልቤ ረሳሁት። ግቢው ጎርፍ ሆነ። እማ ሽቲዋን ሰብስባ በውሃው ውስጥ ሄዳ ዘጋችው፣ ተመልሳ ተቀመጠች። ሻሿ አፏ ላይ ነው። በገዛ ቤቷ። ምሳ ስትበላ ወደ ግድግዳው ዞራ ነው።

ከጁምዓ በኋላ እግሯ ሥር ተቀመጥኩ። «እማ፣ ይቅር በይኝ» አልኳት። አላየችኝም። የምታየው የስፌት ቅርጫቱን ነበር።

«ይሄንንም እየቀረጽሽው ነው?»

ቅርጫቱን መሬት ላይ ገለበጥኩላት። ክር፣ መቀስ፣ ቁርጥራጭ ጨርቅ። ስልኬን ከኪሴ አውጥቼ እጇ ላይ አስቀመጥኩት። አገላብጣ አየችውና መለሰችልኝ። «እሺ» አለች።

ከዚያ ወዲህ እሺ ብቻ ነው። ምሳ ላቅርብ? እሺ። መስኮቱን ልክፈት? እሺ።

አብዲ ሦስቴ ደወለ። ቀኑ ደርሷል። አላነሳሁትም።

ቅዳሜ

አጠፋሁት። አካውንቱን በአንዴ ልዘጋው ነበር፣ ፓስወርድ አምጪ አለኝ። ፓስወርዱን ማን ያስታውሰዋል? ስለዚህ አንድ በአንድ። ለእያንዳንዱ «እርግጠኛ ነሽ?» ይላል። አዎ። «እርግጠኛ ነሽ?» አዎ አልኩህ እኮ። ስለጥፍ አንድ ቀን እርግጠኛ ነሽ ብሎኝ አያውቅም፣ ያኔ ቢጠይቀኝ ምን ነበረበት?

የጥርሱን መጀመሪያ አጠፋሁ። ጠቀመ አልልም፣ የሰው ስልክ ውስጥ የገባውን ማን ያወጣዋል። የሽቲዎቹን ብቻ ተውኩ፣ ዝም ያሉትን።

ቬንትሌተሩን ተሸክሜ ለአብዲ መለስኩ። ይጮህብኛል ብዬ ተዘጋጅቼ ነበር። «እውነቱን ብትነግሪኝ ለእናትሽ አላሳያትም ነበር» አለኝ ብቻ። ከሱቅ ስወጣ ጠራኝና «ሰላም በያት» አለኝ። ሰላም የምልበት አፍ የለኝም።

ለብርቱካን ደወልኩላት፣ ሰኞ እመጣለሁ አልኳት። ደስ አላት። ደስታዋ አናደደኝ፣ ምንም አላጠፋችም።

እማን «ሁሉንም አጥፍቼዋለሁ» አልኳት።

«እሺ።»

ቤቱ ያለ ቬንትሌተር እቶን ነው። እሷ ግን ሻሿን አላወረደችም።

እሁድ

ጠዋት የፋብሪካውን ዩኒፎርም ከሻንጣ አውጥቼ ልተኩስ ጀመርኩ። እማ በር ላይ መጥታ ቆመች። ምንድን ነው እሱ? አለችኝ። ነገ ወደ ፓርኩ ልመለስ ነው አልኳት። ለምን? አለችኝ። ቪዲዮው ጠፋ፣ በምን እንበላለን? አልኳት።

ከዚያ ሻሿን ከአፏ ላይ አወረደችው።

«ማን አጥፊ አለሽ? እኔ አጥፊ ብዬሻለሁ? አፌን ስትወስጂ አልጠየቅሽኝም፣ ስትመልሺ አልጠየቅሽኝም! እኔ እዚህ ቤት ምንድን ነኝ፣ በርጩማ ነኝ? አራት ወር ተቆጥቼ ቤት ያቆምኩት እኔ፣ ይጥፋ አይጥፋ የምትወስኚው አንቺ? ጥርሱን ተዪው፣ ጥርሱ የኔ ጉዳይ ነው፣ እሱን ማጥፋትሽ ደግ። ስለ ዶሮዋ የተቆጣሁትስ? የዶሮዋ ምን አደረገሽ? ያ ባለ ባጃጅ በቃሉ ነው የያዘው!»

እዚህ ድረስ በአማርኛ ነው። ኦሮምኛው ላይ እጇ መወራጨት ጀመረ። ሶማሊኛው ጋ ስትደርስ ጎረቤቷ በግንቡ በኩል ብቅ ብላ አየችን፣ ፊቷ ላይ እፎይታ ነበር፣ ተመልሳ ገባች። እማ አፏን አልሸፈነችም። አራቱም ጥርሶቿ ይታዩ ነበር።

ስልኩ ጠረጴዛው ላይ፣ እጄ የሚደርስበት ቦታ ነበር። ልቅረጸው ብዬ ማሰቤን አልክድም፣ ከአራት ወሩ ሁሉ ይሄን የሚያክል ቁጣ አልነበረም። አልነካሁትም። ካውያውን እንደያዝኩ ቆሜ አለቀስኩ፣ በዚያ መሃል ዩኒፎርሙ ተቃጠለ። እሱንም ጨመረችበት።

አሁን ይሄን የምጽፈው እዚያው ቁጭ ብዬ ነው፣ እሷን ከጓዳ እየሰማኋት። ነገ ፋብሪካ ልሂድ፣ ልቅር፣ ምን እንደምንሠራ አላውቅም። እጠይቃታለሁ። መጀመሪያ ተቆጥታ ትጨርስ።