ጭላዳ ለማየት

ደብረ ማርቆስ፣ ጥቅምት 1992 ዓ.ም.

ለምወድሽ እናቴ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ጉልበትሽስ እንዴት ነው? ሳሉስ ተወሽ ወይ? በየደብዳቤዬ መጀመሪያ ይህን ስጽፍ እጄ ለምዶት ነው፤ ሐሳቤ ወደ ሌላው ወሬ ይቸኩል ነበር። ዛሬ ግን የምጠይቅሽ የእውነቴን ነው። ደህና ነሽ ወይ?

እዚህ ላይ ብዕሬን አቁሜ ትንሽ ጠበቅሁ።

እኔ ደህና ነኝ። ካንቺም ሩቅ አይደለሁም። ደብረ ማርቆስ፣ አንድ ሆቴል ፎቅ ላይ ነኝ። ጀምበር ልትጠልቅ ነው፤ ከገበያ የሚመለሱ ሰዎች በመስኮቱ ይታዩኛል። ይጁቤ እንዲህ ቀርባ ሳለች እዚህ ማደሬ ይገርምሽ ይሆናል። እኔንም ገርሞኛል። የምጽፍልሽ ስለዚሁ ነው።

ጋሼ ጸጋው ትናንት ጧት ከትምህርት ቤት አስጠርቶ ወሰደኝ። ልጅሽን ታውቂው የለ፤ ለሠርግ እንኳ ፈቃድ የማይጠይቅ ሰው። የጓደኛውን ፒክአፕ ተውሶ፣ ወደ ሰሜን ዞር ዞር እንበል፣ ተራራ እንይ፣ አውሬ እንይ አለኝ። አብራኝ የምታስተምረው አይናዲስ ከኋላ ተቀምጣለች። የአዲስ አበባ ልጅ ናት፤ ጭላዳ አይታ ስለማታውቅ እሷን ለማሳየት ነው አለ። እግረ መንገዳችንንም አንቺን እናያለን። ደቂቃ ስዘገይ የሚቆጣው ርእሰ መምህራችን እስከ በሩ ሸኝቶኝ፣ ስለ ክፍለ ጊዜሽ አታስቢ አለኝ። ሰው ሁሉ ደግ ሆነብኝ። መጀመሪያ የጠረጠርሁት ባል ሊሰጡኝ ነው ብዬ ነው።

ደጀን ገና በቀን ደርሰን ሳለ ደከመኝ ብሎ አሳደረን።

ዛሬ ማለዳ ወደ ዓባይ ገደል አፋፍ መለሰን። ጭላዳዎቹ ከገደሉ ወጥተው፣ ቁጭ እንዳሉ እየተንፏቀቁ ሣር ይነጫሉ። የወንዱን ጎፈር ነፋስ ይበትነዋል፤ ደረቱ ላይ ያለው ቀይ ከሩቅ ይታያል። ወንዙ አይታይም፣ ሸለቆውን ጉም ሞልቶታል። ጥንብ አንሳ ከእግራችን በታች ያንዣብባል። ወፍን ከላይ ወደ ታች ማየት እንዴት ግራ ያጋባል መሰለሽ! ያምራል፣ አልዋሽሽም። ግን እኔን ምን ይደንቀኛል? ከገብስ ማሳ ጭላዳ ሳባርር ነው ያደግሁት። ቀና ስል አይናዲስ ለጭላዳዎቹ ጀርባዋን ሰጥታ ቆማለች። የምታየው እኔን ነው።

ጋሼ ጸጋው ይስቅ ነበር። አንዲቷ ልጇን አዝላ በፊታችን ስታልፍ በጣም ሳቀ። ከዚያ ነፋሱ ነው ብሎ ዓይኑን በክንዱ ጠረገ። ነፋሱ ከኋላችን ነበር።

ከደጀን ደብረ ማርቆስ እኮ ጧት የተነሣ ሰው ምሳ ሳይደርስ የሚገባበት መንገድ ነው። እኛን ቀኑን ሙሉ ፈጀብን። በየኮረብታው ያቆማል። ቆቅ ናት ይላል። ድኩላ ነው ይላል። ሚዳቋ ናት ብሎ ያወረደን ፍየል ሆና ተገኘች፤ አንገቷ ላይ ገመድ አለ። አይናዲስ ሳቀች፤ ወዲያው ደግሞ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ እንደ ሳቀ ሰው ዋጠችው።

አምበር ላይ ምሳ በላን። በላን ማለቴ፣ እኔ በላሁ፤ እነሱ አጎረሱኝ።

«ብዪ እንጂ፤ ነገ ደግሞ…» አለና ጋሼ ጸጋው ውሃውን አንሥቶ ጠጣ።

ነገ ምን እንዳለ አልጠየቅሁትም።

መሪጌታ ወልደ ሩፋኤልን ያገኘናቸው ከምሳ ቤቱ ስንወጣ ነው። ከይጁቤ ወደ አምበር ከተዛወሩ ወዲህ አይቻቸው አላውቅም። መቋሚያቸውን ተደግፈው ከላይ እስከ ታች አዩኝ።

«አንቺ ልጅ፣ የአዲስ አበባ ውሃ አልተስማማሽም እንዴ? መቋሚያዬን አከልሽ እኮ።»

ሳቅን። ስለ ሥራዬ ጠየቁኝ። ስለ ተማሪዎቼ፣ ስለ ቤት ኪራይ፣ ስለ ከተማው ዝናብ ሳይቀር። ስላንቺ አልጠየቁኝም። እማ፣ እኒያ ሰው ሰላምታቸውን ካንቺ ሳይጀምሩ ቀርተው ያውቃሉ? ክረምት ከበጋ ተማሪዎቻቸውን ስትመግቢ የኖርሽ አንቺ አይደለሽም? ረስተውት ይሆናል ብዬ፣ ደግሞም ፊታቸውን ለማየት፣ እማም ደህና ናት፣ ነገ እናያታለን አልኋቸው። እጃቸውን ራሴ ላይ ጭነው ቆዩ። በጣም ቆዩ። ጋሼ ጸጋው ክንዳቸውን ይዞ ወደ መኪናው ኋላ ወሰዳቸው።

ከዚያም ጮቄን ሳታዩማ አትሄዱም ብሎ በጥርጊያው መንገድ ሽቅብ ይዞን ወጣ። ጉም። ብርድ። የጅብራ ተክሎቹ ከሰው ቁመት በላይ ረዝመው ጉሙ ውስጥ ብቅ ጥልቅ ይላሉ። ስንቀጠቀጥ አይታ አይናዲስ ከቦርሳዋ ጋቢ አወጣችልኝ፤ ከሥሩ ጥቁር ነጠላ አየሁ። አዲስ ነው፣ ከእጥፋቱ ያልተፈታ። ቦርሳውን ቶሎ ዘጋችው። ጭላዳ ለማየት የመጣ ሰው ጥቁር ነጠላ ምን ያደርግለታል? ቆመን ተራራውን አየን። ተራራው አይታይም ነበር።

ስንወርድ ልጠይቀው ነበር። የአንድ ቃል ነገር ነው። አፌ ላይ ደርሶ ሳለ ጣቱን ወደ ጉሙ ቀስሮ፣ ቆቅ ናት አለ። እኔ ዛሬ የጠረጠርሁትን እሱ ብቻውን ይዞት ከአዲስ አበባ ጀምሮ ይነዳል፤ ድኩላ እያለ፣ ቆቅ እያለ። እሱም ያንቺ ልጅ ነው። ቃሉን ዋጥሁት። የተሳሳትሁም እንደሆነ ማን ያውቃል? ጠርጣራ ነሽ ስትዪኝ ነው የኖርሽው።

እዚህ ደጅ ላይ ስንወርድ፣ ነገ ገና ሳይነጋ እንነሣለን አለ። ለምን አልሁት።

«ጉሬዛ በማለዳ ነው የሚታየው።»

«የት?»

«ይጁቤ መግቢያ።»

ይጁቤ መግቢያ ላይ ጉሬዛ አይቼ አላውቅም። አባዬ አዲስ አበባ ሐኪም ቤት በሞተ ጊዜ ግን ሽማግሌዎቹ ወፍ ሳይንጫጫ በራችንን እንዳንኳኩ አስታውሳለሁ። አንቺ ነሽ የከፈትሽላቸው።

«እንግዲያው በጊዜ እንተኛ፤ ጭላዳዎቹ ደስ ብለውኛል፣ እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ» አልሁት። ትከሻው ረገብ ሲል አየሁ።

ይህን ደብዳቤ ለይጁቤ መኪና አልሰጠውም፤ ራሴ ይዤው እመጣለሁ። ነገ በር ላይ ቆመሽ፣ ምን ሆናችሁ በጨለማ የመጣችሁት ብለሽ ከተቆጣሽን፣ ቀድጄ እጥለዋለሁ፤ አንቺም ቀኑን ሙሉ ስትስቂብኝ ትውያለሽ። ሌላውን አልጽፈውም።

ለእራት እየጠሩኝ ነው። ከትናንት ጀምሮ ጋሼ እህል ሲቀምስ አላየሁትም። ዛሬ እኔ ላጉርሰው።

ጸሎትሽ ከሁለታችንም አይለየን። ጉልበትሽን ስሜያለሁ።

እስኪነጋ ድረስ ደህና ሁኚልኝ።

ልጅሽ